የጥንቱን ባሕር ጎንደር ላይ ብንሞክረውስ?

«ችግር ፈቺ ምርምር» የሚባለው ነገር ሰልችቶኛል። ችግር መፍታቱን ጠልቼ አይደለም፤ አባባሉ ጥያቄ መዝጊያ ስለሆነ ነው። ሰሞኑን ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ ተመራማሪዎች የጥንቱን ባሕር በጠርሙስ አስመስለው እየሠሩ ባክቴሪያ እንደሚያሳድጉበት ለአንድ መምህር ወዳጄ ባወራው፣ «ጄሪካን ይዘን ውሃ ፍለጋ በምንዞርበት ከተማ ይሄ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ኩም አደረገኝ። መልሴ ይኸው።

የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እስኪደርስ ድረስ አየሩ ኦክስጅን አልነበረውም ማለት ይቻላል። ባሕሩ ደግሞ የሟሟ ብረት ሞልቶበታል። ኦክስጅን ማውጣት የጀመሩት ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉት፣ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ያወጡትን ኦክስጅን ግን ብረቱ ቶሎ ይይዘውና ዝገት ይሆናል። ይህን እኛም እናውቀዋለን። ብረት የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ኩልል ያለ ነው፤ ጄሪካን ውስጥ ሲያድር ይደፈርስና ከታች ቀይ ዝቃጭ ይተኛበታል፣ ነጭ ነጠላ ያጠበበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ይንገራችሁ። ዛሬ ዓለም የሚቆፍረው አብዛኛው የብረት ማዕድንም መነሻው እንዲህ ባሕር ወለል ላይ የተኛ ዝቃጭ ነው።

ሙከራው ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። ናይትሮጅን እየነፉ ኦክስጅኑን ከውሃው ያስወጣሉ፣ ብረት ይጨምራሉ፣ ባክቴሪያውን ከተው መብራቱን እንደ ቀንና ሌሊት ያፈራርቁታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የበዛ ብረት ባክቴሪያዎቹን እንደሚመርዛቸው አሳየ፤ ምናልባት ኦክስጅን አየሩን ለመሙላት ያን ያህል የዘገየው ለዚህ ይሆናል ተባለ። በ2021 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ መርዙ የሚታየው ጠርሙሱ ሲዘጋ እንደሆነ አገኘ። ጋዙ ሳያቋርጥ እየተለዋወጠ ሲያሳድጓቸው፣ ለ12 ቀን በየሌሊቱ ብረት ቢጨመርባቸውም ደህና አደጉ። የምድር ታሪክ በጠርሙስ ክዳን ሲከራከር አስቡት! እኔን የሚያስደስተኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ወዳጄ ግን ጥቅሙን ነው የጠየቀኝ። እሺ፣ ጥቅም። ዝገት ፎስፈረስን ይይዛል። የሐይቅ ወይም የግድብ ታችኛው ውሃ ኦክስጅን ሲያጣ ዝገቱ ተመልሶ ይሟሟል፣ የያዘውንም ፎስፈረስ ይለቃል፤ ሳያኖባክቴሪያ ደግሞ ፎስፈረስ ካገኘ ልቅም አድርጎ ይበላና ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። አንዳንዱ ዘር መርዛማ ነው። ጣና ውስጥ ሳያኖባክቴሪያ መኖሩ በጥናት ተመዝግቧል፤ እኛ ግን ከእምቦጩ በቀር የሚታየን የለም። ለጎንደር ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብም ደለል ሲገባበት የኖረ ነው። በዚያ ደለል ውስጥ ብረቱ ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ የጥንቱን ባሕር የሚያስመስሉት ሰዎች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ራሱን ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ከተማችን ውስጥ ላብራቶሪ ላላችሁ ሰዎች የምለው ቀላል ነው። ለአንድ የማስተርስ ተማሪ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ የናይትሮጅን ሲሊንደርና ከአንገረብ የተቀዳ ጭቃ ስጡት። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪም አትርሱ፤ ያለበለዚያ ባክቴሪያዎቹ ሌሊቱ የማይነጋ ይመስላቸዋል። ፕሮፖዛሉ ላይ «ችግር ፈቺ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ይጻፍ ካላችሁ፣ «የግድብ ውሃ» በሉና እለፉ።