ማይኩ ሲደርስሽ

ካራኦኬ ውስጥ ያለችው «ካራ» በጃፓንኛ ባዶ ማለት ናት። «ኦኬ» ደግሞ ከኦርኬስትራ ተቆርጣ የቀረች ናት። ባዶ ኦርኬስትራ እንደማለት፤ ሙዚቃውን ማሽን ያጫውታል፣ ዘፋኟ አንቺ ነሽ። በእኛ ቋንቋ ካራ ቢላ ነው። ቶክዮ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር መጀመሪያ ካራኦኬ ቤት የገባሁ ዕለት የሠራው የእኛው ትርጉም ነው።

የዓመት መጨረሻ ግብዣ ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሰዉ ሞቅ ሲለው «ኒጂካይ!» ተባለ። ሁለተኛ ዙር ማለት ነው። ዘጠኝ ሆነን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ታጨቅን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማይክና ዘፈን የሚመረጥበት ታብሌት አለ። ታብሌቱ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ይዞራል። ሲደርስሽ አላየሁም ማለት አይቻልም።

ደረሰኝ። አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን እወዳለሁ፣ ስለዚህ «አኒሶን» የሚሉትን የአኒሜ ዘፈን ልመርጥ አሰብኩ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ጥፋቴ የምወደውን መምረጤ ነው። ማንም ያላየው አኒሜ መዝጊያ፣ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ሆድ የሚያባባ። ገና ከመጀመሬ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አወጡ። ትንሽ ቆይቶ የመምሪያ ኃላፊያችን በግድግዳው ስልክ ድንች ጥብስ አዘዙ። ዓይኔን ጨፍኜ አዝማቹ ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ። አስተናጋጁ ድንቹን ይዞ ገባ። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። ተንበርክኮ ሳህኑን አስቀምጦ እስኪወጣ ዓይን ለዓይን እየተያየን ዘፈንኩለት። በዚያ ሌሊት ከልቡ ያዳመጠኝ እሱ ብቻ ነው።

(የመምሪያ ኃላፊ በጃፓንኛ «ቡቾ» ይባላል። ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ አሁንም «ቡቾ!» ብዬ ስጣራ ከአጥር ሥር ውሻ የሚወጣ ይመስለኛል።)

የምኖረው ካትሱሺካ ነው። ቶክዮ ያለን ኢትዮጵያውያን የምንበዛበት ሰፈር። ጎረቤቴን እትዬ እላቸዋለሁ። ቅዳሜ ቡና ላይ የደረሰብኝን ነገርኳቸው። ስኒውን እያቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ ሠርግ ላይ ትዝታ ይዘፈናል?» አሉኝ።

«ኧረ አይዘፈንም።»

«ታዲያ!»

ለቀጣዩ ዓመት ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ወንድ ብሆን ኖሮ ጥናት አያስፈልገኝም ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ልጅ በየዓመቱ ድራጎን ቦል ዜድ የሚባለውን አኒሜ መክፈቻ፣ በፈረንጆቹ የ1989ኙን፣ ይይዛል። አይዘፍነውም፣ ይጮኸዋል። የአንገቱ ሥር እስኪገተር። «ጉልበት አለው!» ይባልለታል። ሴት እንዲህ ብትጮህ «ምን ነካት?» ነው። ሴት ድምፅዋ ሊያምር ይገባል። በጣም ካማረ ደግሞ ቀጣዩ ሰው ማይክ አልይዝም ይልና ድግሱ ይሞታል። ደስ የምትል መሆን አለባት፣ ግን ዕድሜዋን የምታውቅ። ለዚህ ሁሉ አንድ ዘፈን ምረጪ ነው የሚሉሽ።

የሴይለር ሙን መክፈቻን አስቤ ነበር። የ1992 ነው፣ ሴቱ ሁሉ ከነእጅ እንቅስቃሴው ያውቀዋል። ችግሩ መታወቂያ እንደማሳየት ነው፣ የልደት ዘመንሽን ያወጣብሻል። አንዷ ባልደረባዬ «እናቴ ናት የምትወደው» ብላ ዘፈነችው። እጇ ሲወናጨፍ ግን የእናቷ አይመስልም።

ወጣቶቹ የሚሻሙት ዮአሶቢ የሚባለውን ቡድን «አይዶል» ነው፣ የ2023። ትንፋሽ መውሰጃ ቦታ የለውም። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ጀመረችው፣ ግጥሙ ጥሏት ሄደ። አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ከኋላ ከኋላ ሮጠች። የደረሰችበት አዝማቹ ላይ ነው፤ ያኔም በሩ ሊዘጋ ሲል። የዘፋኟ የሊሳ «ጉሬንጌ»ም፣ የ2019ኙ የዴሞን ስሌየር መክፈቻ፣ ኮርኒስ ይነካል። ማሽኑ ላይ የዜማውን ከፍታ ዝቅ ማድረጊያ ቁልፍ አለ። ሦስት አራቴ ከተጫነ ግን ዘፈኑ የለቅሶ ቤት ይሆናል።

ልጅ ላላት ሴት አንፓንማን አለላት። ጭንቅላቱ ዳቦ የሆነ ጀግና ነው። የራበው ሰው ሲያገኝ ከራሱ ቆርሶ ያበላል። የካርቱኑን የሰልፍ ዘፈን ስትዘፍን ቡቾውም ያጨበጭባሉ። እኔ ልጅ የለኝም። ያለ ልጅ ብዘፍነው «መቼ ነው የምትወልጂው?» ይመጣል። ለዚህ ጥያቄማ እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልገኝም ነበር።

በመጨረሻ የኢቫንጌሊዮንን የ1995 መክፈቻ ያዝኩ። ዮኮ ታካሃሺ የዘፈነችውን። ርዕሱ ቢተረጎም «የጨካኝ መልአክ ቴሲስ» ነው። ቴሲስ ሲባል የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ትዝ አለኝ። መልአክነቱ ይቅር እንጂ ሌላው ይገጥማል።

ይህ ዘፈን ሲጀምር አታሞ የለም፤ አንዲት ድምፅ ብቻ በዝግታ ትጣራለች። ሠርግ ላይ አውራጇ አንድ ጊዜ ስትጣራ ሁሉም ወገቡን እንደሚያስተካክለው ነው። ምቱ እስኪገባ ሰዉ እጁን ከድንቹ አንስቷል። ዕድሜሽንም አያወጣም። አዲስ ተቀጣሪዋም ጡረታ የቀረበውም እኩል ያውቁታል። ካርቱኑ ጨርሶ የገባው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስክሪኑ ላይ ግጥሙ ካንጂ በሚሉት ከቻይና በመጣው ጽሕፈት እየቀላ ይሮጣል፣ አልደርስበትም። ስለዚህ በፊደላችን ጻፍኩት። ካና የሚባለው ሌላው የጃፓን ፊደል እንደኛው ነው። «ካ» አንድ ፊደል፣ «ና» አንድ ፊደል። አናባቢያቸው አምስት ስለሆነ ሁለቱ ተረፉኝ። አንድ ገጽ ወረቀት፣ አራት አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። እንደ ኩረጃ።

ሌሊቱ ደረሰ። ከእኔ በፊት ቡቾው ኤንካ ያዙ። ኤንካ የትዝታ የአጎት ልጅ ነው፣ አምስት ድምፅ ላይ እየተመላለሰ አንጀት ይበላል። ሠርግ ላይ ትዝታ የሚፈቀድለት ሰው ካለ አለቃ ነው ማለት ነው። ሁላችንም በተመስጦ አንገታችንን አወዛወዝን። ያኔ ዳይሱኬ ኢኖውዌ ትዝ አሉኝ። በ1971 ኮቤ ውስጥ ካራኦኬ ማሽን ሠርተው የፈጠራ መብቱን ሳያስመዘግቡ የቀሩት ሰው። በ2004 ኢግ ኖቤል የሚባለው የቀልድ ሽልማት ደረሳቸው። የተሸለሙት በሙዚቃ እንዳይመስላችሁ። በሰላም ነው! ሰዎች እርስ በርስ መቻቻልን የሚማሩበት አዲስ መንገድ ስላመጡ። የቡቾው ሦስተኛ ቤት ላይ ሽልማቱ እንደሚገባቸው አመንኩ።

ተራዬ ሆነ። ገና መጀመሪያውን ስጣራ «ኦኦ!» አሉ። ምቱ ሲገባ የሽያጩ ልጅ ሁለተኛውን ማይክ ነጠቀ። ከዚያ በኋላ የእኔን ድምፅ እኔም አልሰማሁትም። በጣም ጥሩ።

ሁለተኛው ቤት ሲመጣ ግን ሁሉም ጸጥ። ቴሌቪዥን ላይ መክፈቻ የሚታየው አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው፤ አገሩ በሙሉ የሚያውቀው መጀመሪያውን ቤት ነው። ስምንት ጃፓናውያን እያጉረመረሙ ስክሪን ላይ አፈጠጡ። ወረቀቴን አወጣሁ። በራሳቸው ዘፈን፣ በራሳቸው አገር፣ ከግዕዝ ፊደል እያነበብኩ መራኋቸው። ሙዚቃው ብቻውን ሲቀር አፌን ዝም ማሰኘት አቃተኝና እልል አልኩ። ክፍሉ አበደ። ቡቾው እልልታውን ሞከሩት፣ ሳል ሆነባቸው።

ማሽኑ ነጥብ ይሰጣል። «ኮቡሺ» የሚሉት ድምፅ ማንቆርቆር አለ፣ እሱንም ይቆጥራል። የእኔን 31 ጊዜ ቆጠረ። ትዝታ እየሰማ ያደገ ጉሮሮ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ድምር ውጤት 74። ስልኩ ጮኸ። 10 ደቂቃ ቀርቷችኋል ተባልን። ቡቾው ግማሽ ሰዓት አስጨመሩ።

ቅዳሜ ቡና ላይ እትዬ በር ሳልዘጋ ጠየቁኝ። «ስንት አመጣሽ?»

«74።»

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«ደረጃ የለውም፣ እትዬ።»

«አለቃሽስ?»

«71።»

ረከቦቱን እያስተካከሉ ትንሽ ዝም አሉ። «ከርሞ ቀንሺ» አሉኝ።