ስለ ባር ቁጥርና ስለ ቡና መፍጫ፦ እርማት

«20 ባር የተጻፈበት የኤስፕሬሶ ማሽን ከተገዛ መፍጫው ምንም ዓይነት ቢሆን ቡናው ጥሩ ይወጣል» በማለት የሚሰጠው ምክር ብዙዎች የሚያምኑበት ቢሆንም ትክክል አይደለም። ባር የግፊት መለኪያ ሲሆን፣ በማሽኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ግፊት ያመለክታል እንጂ ቡናው የሚቀዳበትን ግፊት አያሳይም፤ ኤስፕሬሶ በተለምዶ የሚዘጋጀው በ9 ባር አካባቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ግን ፓምፑ ብቻውን ይህን ግፊት እንደማይፈጥር ነው። ግፊቱ የሚገነባው በማጣሪያው ውስጥ የተጠቀጠቀው ቡና የውሃውን መንገድ ሲቋቋም ሲሆን፣ የመቋቋሙን መጠን በዋናነት የሚወስነው ደግሞ የቡናው ልመት ነው። ቡናው ሻካራ ከሆነ ውሃው ፈጥኖ ያልፍና ቀጭንና ጎምዛዛ መጠጥ ይወጣል፤ ከልክ በላይ ከላመ ጠብ ጠብ እያለ ይመርራል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይወርድም። 18 ግራም ቡና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ 36 ግራም ያህል ኤስፕሬሶ እንዲሰጥ ከተፈለገ፣ በቅድሚያ የሚስተካከለው መፍጫው ነው፤ ስለዚህም የመፍጫው የልመት ማስተካከያ እርከኖች እጅግ የተቀራረቡ ሊሆኑ ይገባል። በሚሽከረከር ቢላዋ የሚቆራርጥ መፍጫ ዱቄትና ስብርባሪ ቀላቅሎ ስለሚያወጣ ውሃው በሳሳው በኩል ይሾልካል፣ ይህንንም ጉድለት የትኛውም ውድ ማሽን አያርመውም።

ማሽኑ በበኩሉ የውሃውን ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ሳያዋዥቅ መያዝ አለበት። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ግን ቀለል ያለ ማሽን ከጥሩ መፍጫ ጋር እንዲገዛ አጥብቄ እመክራለሁ።