ሦስት መስመር ለጉዳት

ባልንጀራዬ ባለፈው እሑድ አንድ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ወረቀቱ መሃል ለመሃል በማስመሪያ ተሰምሯል፤ ከላይ በግራ «ጥቅም»፣ በቀኝ «ጉዳት» ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው ጡረተኞች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የሚኖሩበት ሕንጻ ውስጥ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። «እናንተስ ለምን አትገቡም?» ማለት ከጀመረ ደግሞ ሰባት ወር ከሦስት ሳምንት።

«እኔ ምንም አልልህም» አለኝ፣ ሰባት ወር ከሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም እንዳላለ ሰው። «ዝም ብለህ ጥቅሙን ጻፍ፣ ጉዳቱን ጻፍ፣ በእርጋታ መዝነው። ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

እኔም በእርጋታ ልመዝን መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። ገና እስክሪብቶዬን ሳልከፍት ግን ዐይኔ መስመሮቹ ላይ አረፈ። ለጥቅም አሥራ ሁለት መስመር አስምሯል። ለጉዳት ሦስት። ከሦስተኛው በታች የማኅበሩን ማኅተም አሳርፎበታል፤ አልፌ እንዳልጽፍ መሆኑ ነው። (ጸሐፊ አድርገው መርጠውት የለ! ማኅተም እጁ ከገባ ወዲህ የልጅ ልጆቹ የልደት ካርድ ላይም ሳያትም አልቀረም።)

«ግባ» ብሎ ቢለምነኝ እኮ አልቆጣም ነበር። ልመና የወግ ነው። ሚዛን አምጥቶ፣ መዝን ብሎኝ፣ አንዱን ሰሃን ግን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲይዝ ነው ደሜ የሚፈላው።

ይህን ወረቀት ለሁለት የመክፈል ነገር ያስተማረንን ሰው አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1772 እንግሊዛዊው ሊቅ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የቀረበለትን አዲስ ሥራ ልያዝ አልያዝ እያለ ሲጨነቅ ወዳጁን አሜሪካዊውን ሊቅ ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ምክር ጠየቀው። ፍራንክሊን «ያዝ» ወይም «ተው» አላለውም። ወረቀትህን በመስመር ለሁለት ክፈል፣ ደጋፊውን ምክንያት በአንዱ ወገን ተቃራኒውን በሌላው ጻፍ፣ ሦስት አራት ቀን እያሰብክ ጨምርበት፣ ከዚያ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን እየሰረዝክ የተረፈው ወዴት እንዳጋደለ እይ ብሎ ጻፈለት። ብልህ ምክር ነው። ግን ልብ በሉልኝ፤ ለሁለት ክፈል ነው ያለው። ማኅተም አድርግበት አላለም።

ደግሞስ እኩል የሆነውን መሰረዝ ከተጀመረ በዚህ ጉዳይ ምን ሊተርፍ? እኔ ሞክሬዋለሁ። በጥቅም ዓምድ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ሁልጊዜ ሰው አለ» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጦኝ ብወድቅ ጩኸቴን የሚሰማ ይኖራል። ወዲያው እጄ ከእኔ ሳይማከር መስመሩን ተሻግሮ በጉዳት ዓምድ ላይም «ሁልጊዜ ሰው አለ» ብሎ ጻፈ። ያም እውነት ነው፤ ያው ሰሚ ስለ አወዳደቄ እስከ ማታ ለአምስቱም ፎቅ ሲያወራ ይውላል። ፍራንክሊን ሁለቱን ሰርዝ ይላል። ከሰረዝኩ ደግሞ ወረቀቱ እንደ መጣ ባዶ ነው፣ ከሦስት መስመሬ አንዱ ግን አልቋል።

ባልንጀራዬ ያን እሑድ ሲወጣ ደግሞ በሩን በአንድ እጁ ይዞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።»

ይኼ ተረት የእኔ ነው። የእኔ ማለቴ፣ ተናግሬው የማልጠግበው፣ በየሠርጉና በየሽምግልናው ሰው «አሁን ሎሚውን ያመጣዋል» ብሎ እስኪሳሳቅብኝ ድረስ የምለው ተረት ነው። ከእኔው ሰምቶ ለእኔው መለሰልኝ። እንደዚያ ሆኖ በሩ ላይ ሲሰማ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠርኩት። ሃምሳው ሰው ሎሚ ሎሚውን ይዞ ከመጓዙ በፊት ማን አከፋፈለው? የደረሰኝ ከጎረቤቴ ያንሳል የሚል አልተነሣም? እኔ ሎሚ አይስማማኝም፣ ሐኪም ከልክሎኛል የሚል አልጠፋም? ሃምሳ ሰው ሃምሳ ሎሚ ይዞ በሰላም የተጓዘው ተረት ውስጥ ስለሆነ ነው። በእውነተኛው ዓለም የሎሚ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የሎሚ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ይሰይማል፣ ሎሚው የሚደርቀው ምልዓተ ጉባኤው እስኪሟላ ነው። የጡረተኛ ምልዓተ ጉባኤ ደግሞ ከምሳ በኋላ በፍጹም አይሟላም፤ የመጣውም ቢሆን ግማሹ ተኝቷል።

አባቶች «እርጅና ብቻህን ና» ሲሉ በሽታን አስከትለህ አትምጣ ማለታቸው ነበር። ቃለ ጉባኤ አስከትሎ ሊመጣ እንደሚችል አላሰቡትም።

በኅብረት ሥራ ላይ ቂም ያለኝ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1844 እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ ውስጥ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች፣ ከኪሳቸው እያዋጡ ቅቤ፣ ስኳርና ዱቄት የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የእነሱን ነገር ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ብዙ ያዋጣም ጥቂት ያዋጣም እኩል አንድ ሰው አንድ ድምጽ ነው አሉ፤ ይኼ ቃላቸው እስከ ዛሬ በዓለም ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ነው። የጡረተኞቹም ቤት የዚያው ዘር ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1978 በሚኒሶታ፣ ኢዳይና በምትባል ከተማ ተከፈተ። ለንደን ሃይ ባርኔት ውስጥ ደግሞ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሴቶች ተሰባስበው 25 ቤቶች ያሉት የራሳቸውን መኖሪያ አሠርተዋል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1998 ጠንስሰው የገቡበት በ2016 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት! በሃምሳ ዓመቷ የተመዘገበች ብትኖር በስልሳ ስምንቷ ነው ቁልፍ የምትቀበለው። እነዚህን ሴቶች ባርኔጣዬን አንሥቼ አከብራለሁ፤ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ከምሰበሰብ ግን መንገድ ላይ ብተኛ ይሻለኛል።

አንድ ሰው አንድ ድምጽ። መቼም ይህን ስጽፍ የቆሻሻ ገንዳው ትዝ ሳይለኝ አያልፍም።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እኔና ይኸው ባልንጀራዬ በአንድ ሕንጻ ነበር የምንኖረው፤ እሱ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት። የሕንጻው ቆሻሻ ገንዳ የተገተረው ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ነው። አሥራ አምስት እርምጃ ፈቀቅ ቢል ማንንም የማይነካ ባዶ ጥግ ነበር። በራሴ እግር ለካሁ፣ በእርሳስ ንድፍ ሠራሁ፣ ለነዋሪዎች ስብሰባ አቀረብኩ። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንዱ ገንዳው ከተነቃነቀ ድመቶቹ ይደናገራሉ አለ፤ በቃለ ጉባኤም ተይዞለታል። ከዚያ ድምጽ ተሰጠ። ዘጠኝ ድጋፍ። ዘጠኝ ተቃውሞ። አንድ ድምጸ ተአቅቦ።

አንዷን ድምጸ ተአቅቦ የሰጠው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? እጁን ያወጣውም እንኳ በግማሽ ነው፣ ክርኑን ወንበሩ ላይ እንዳስደገፈ። ሰብሳቢው «እኩል ሲሆን የእኔ ድምጽ ይወስናል» አሉና ገንዳው ባለበት ጸና። ደረጃው ላይ ጠብቄ ምነው ብለው፣ «የሁለታችሁም ሐሳብ ገባኝ» አለኝ። ለእሱ ሐሳብ ገባው፤ ለእኔ ቤት ዝንብ ገባ። ከዚያ ሕንጻ እስከወጣሁበት ቀን ሦስት ክረምትና ሦስት በጋ መስኮት ዘግቼ አደርኩ።

ልብ በሉ፣ ቢቃወመኝ ኖሮ እስካሁን ረስቼዋለሁ። የተቃወሙኝን የዘጠኙን ስም ዛሬ ብትጠይቁኝ ሦስቱን አላስታውስም። ተቃዋሚ እኮ ቢያንስ ያንን ጥግ ተመልክቶ፣ ንድፌን አገላብጦ፣ «ይኼ ሰውዬ ተሳስቷል» ብሏል። ተአቃቢ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሲነድ የሚሞቅ ነው። እና አሁን ይኼ ሰው፣ ይኼው ሰው፣ ና እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ድምጽ ዋጋ አለው ይለኛል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ ቅዳሜ ደርሷል።

እዚያ ሕንጻ የምትገዛው ቤት ሳይሆን ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ ነው። ሕንጻው የማኅበሩ ነው፣ ማኅበሩ የአባላቱ ነው፣ ዕጣህ ደግሞ ከቤቶቹ በአንዱ የመኖር መብት ይሰጥሃል። በየወሩ የምትከፍለው ገንዘብ ለሕንጻው ብድር፣ ለግብር፣ ለመድን፣ ለጥገናና ለመጠባበቂያ ይውላል። ጣሪያ ቢያፈስ የምትሮጠው ወደ ስልክ ነው፣ ወደ መሰላል አይደለም። ይኼን ያለ ምንም ሽሙጥ በጥቅም ዓምድ ጽፌዋለሁ፤ በእኔ ዕድሜ መሰላል መሣሪያነቱ ቀርቶ ባላጋራ ሆኗል።

ጣጣው ሌላ ነው። አንዳንዶቹ ማኅበራት ዕጣው ሲሸጥ ሊያወጣ የሚችለውን ዋጋ በደንባቸው ይገድባሉ፤ በርካሽ ገብተህ በርካሽ ትወጣለህ። ለሚቀጥለው ገቢ ደግነት ነው፣ ለወራሾች ግን እንደዚያ አይታያቸውም። ባለ ዕጣው ቢያርፍም ዕጣው እስኪሸጥ ድረስ ወርሃዊው ክፍያ አያርፍም፤ ልጆች ከሐዘን ሳይነሡ ደረሰኝ ይቀበላሉ። ብዙ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሕንጻ ከአረጋውያን መጦሪያ ጋር ያምታታዋል። መጦሪያ አይደለም። ራሱን ችሎ ለሚኖር ሰው የተሠራ ቤት ነው፤ አልጋ ላይ ከዋልክ ነርስ የምታመጣው ራስህ ነህ። ከሁሉም የሚያሰጋኝ ግን ሁሉም አብሮ ማርጀቱ ነው። ጣሪያው፣ አሳንሰሩና የሥራ አመራር ኮሚቴው በአንድ ወቅት ነው ጥገና የሚፈልጉት፤ ለኮሚቴው ደግሞ መለዋወጫ የለም።

እንዲህ ያለ ሕንጻ አንድ ቀን ሄጄ ጎብኝቻለሁ፤ የባልንጀራዬን አይደለም። ከልጄ ጋር ነበርኩ። የሚያስጎበኘን ወጣት ሁሉንም ነገር የሚያስረዳው ለእሷ ነው፤ እኔ በመሃላቸው እንደ ሻንጣ ቆሜያለሁ። «አባባ ደረጃ ይወጣሉ?» ብሎ ጠየቃት። እሷን! ይወጣሉ። ይወርዳሉም። ሲናደዱ ደግሞ ሁለት ሁለቱን ነው የሚዘሉት። አርባ ዓመት ሠርቼ፣ ቤተሰብ አስተዳድሬ፣ ዕጣ የምገዛው በራሴ ገንዘብ፣ ጥያቄው ግን በአስተርጓሚ። ጡረታ የወጣሁት ከሥራ እንጂ ከጆሮዬ መሰላችሁ? ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ ሆና ስታነብ ቆየችና፣ «አንተ፣ ሰውየው ጎረቤት አጥቶ መሰለህ እንዴ? የሚጣላው አጥቶ ነው» አለችኝ። እስኪ ከአሥራ ሁለቱ መስመር በአንዱ እንዲያ ብሎ ይጻፍልኝ፤ ማኅተሙንም ያሳርፍበት።

ለማንኛውም በጉዳት ዓምድ ሁለቱ መስመር ሞልቷል። ሦስተኛው ላይ ምን እንደምጽፍ ስላላወቅኩ ትናንት ማታ ደወልኩለት።

«ገንዳው የት ነው ያለው?»

«የቱ ገንዳ?»

«የሕንጻችሁ። ለእኛ ካሰብከው ቤት መስኮት ስንት እርምጃ ይሆናል?»

ዝም አለ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ «ቆይ ልውረድና ልለካልህ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እስካሁን መልሶ አልደወለም፤ ሦስተኛው መስመር ባዶውን ነው።