ትንሽ ናት የቀረችህ

ባለፈው እሑድ በሕይወቴ ሁለተኛውን የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሮጥኩ። «ሮጥኩ» የሚለው ቃል ከበዛ «ተመዝግቤ ነበር» በሉት።

3 ኪሎ ሜትር የሚለውን ምልክት ገና ማለፌ ነው። ጎኔን ውጋት ቀስፎ ይዞኛል። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ቦርጬ ከእኔ ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ እየተከተለኝ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ በስልኩ የሚቀርጽ አንድ ወጣት አየኝና ጮኸ፦

«አይዞህ ጋሼ! ትንሽ ናት የቀረችህ!»

ትንሽ? ሰባት ኪሎ ሜትር እኮ ነው!

«ጋሼ»ውን ይቅር ብዬዋለሁ። ያልማርኩት «ቀረችህ»ን ነው። የቋንቋችንን ተንኮል ልብ በሉልኝ። አንድን ነገር ማሳነስ ስንፈልግ ሴት እናደርገዋለን። ጠባብ ቤት «ቤቷ» ትባላለች። ብድር የሚጠይቅ ሰው «አንዲት ነገር ቸግራኝ ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ መጠኑን ሲናገር ነው ወንድ የሚሆነው። ይኼም ልጅ ሰባት ኪሎ ሜትርን «ናት» ሲለው የሚያጥርልኝ መስሎታል። አላጠረም። በእግሬ ለክቼዋለሁ።

ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። «ደርሻለሁ፣ በቃ አንድ ደቂቃ» የሚል ጓደኛ የሌለው ማን ነው? ከድምፁ ኋላ የሻወር ውኃ ሲወርድ እየሰማችሁ! አጠገባችሁ ያለ ሰው ሲቸገር ከማየት፣ ችግሩ ትንሽ ነው ብሎ መገላገል ይቀላል። የሚቀለው ግን ለተናጋሪው ነው።

ለመሆኑ እኔን ምን አስሮጠኝ? ደረጃ። አንድ ቀን ሊፍት ተበላሽቶ አራተኛ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። በሩን የከፈተልኝ ሰው ፊቴን ሲያይ ክፉ ዜና ይዤ የመጣሁ መስሎት ደነገጠ። «ማን ነው? ምን ሆነ?» ይላል። እኔ መልስ ለመስጠት ትንፋሽ የለኝም። እጄን ሳወዛውዝለት ይባስ ብሎ ተቀመጠ። የመጣሁት ቻርጀር ልዋስ ነበር።

በዚያው ሳምንት እንደኔ ላሉ ሰዎች የተዘጋጀ የልምምድ ፕሮግራም አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆሽ ክላርክ የሚባል ሰው ያወጣው ነው። ስሙም ያለ ምንም ሐፍረት «ከሶፋ ወደ 5 ኪሎ ሜትር» ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ እንደገና 60 ሰከንድ። በዘጠኝ ሳምንት ያልቃል ይላል። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ አራት ጊዜ ደገምኩት። ስድሳ ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው በስድሳ ሰከንድ የሚስቅ።

እኔ ግን ሰከንድን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሰዓት ያዥ ነበርኩ። ይህን ሹመት የሰጠኝ የስፖርት አስተማሪያችን ነው። ልጆቹ መነሻው ላይ ሲሰለፉ ወደ እኔ ይዞርና «አንተ ሰዓት ያዝ» ይለኛል። አንድ ቀን ደፍሬ «እኔስ አልሮጥም?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንተ ከሮጥክማ ክፍለ ጊዜው አይበቃንም» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። አሁንም ደረጃ ስወጣ ያ ሳቅ ይሰማኛል። ቆይ፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሮጥ የሚያስፈልገው ማን ነበር? እንደ ጥይት የሚፈተለከው ልጅማ አስተማሪ ባይኖርም ይሮጣል። ማንበብ ያቃተውን ልጅ «አንተ መጽሐፉን ያዝልን» የሚል የቋንቋ አስተማሪ ታውቃላችሁ? በስፖርት ግን ይህ እንደ ቀልድ ታልፏል። አሁንም ያልፋል። አንዳንድ ልጅ ከሜዳው ዳር ቆሞ የሰው ጃኬት እየጠበቀ ነው የሚያድገው።

ለነገሩ ሥራዬን በደንብ ነበር የምሠራው። የመጨረሻው ልጅ ሳይገባ ሰዓቱን አቁሜ አላውቅም።

ከተረትና ምሳሌ ሁሉ አብልጬ የምወደው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ነው። ለእኔ ተብሎ የተነገረ ይመስለኛል። ይሮጣል አላሉም፤ ይሄዳል ነው ያሉት። አበው እዚያው ላይ ማቆም እንዳለባቸው ገብቷቸዋል። ግን ደጋግሜ ሳስበው እንቁላሉ ራሱ የትም አይሄድም። የሚሄደው ጫጩቱ ነው። እንቁላሉ የሚያደርገው 21 ቀን ያህል ሙቀት ውስጥ ተኝቶ መክረም፣ በመጨረሻም መሰንጠቅ ነው። እኔ የተኛሁት ወደ አሥር ዓመት ነው፤ መሰንጠቁን አሁን ጉልበቴ ላይ እየሰማሁት ነው። ደግሞ በሦስተኛው ቀን ዶሮዋ ጎጆ አጠገብ ቆሞ «አይዞህ፣ ትንሽ ናት የቀረችህ» የሚል የለም።

ጉልበት ካልኩ አይቀር፣ ስለ ጉልበቴ የሚጨነቁትንም ላንሳ። መሮጥ መጀመሬ የተሰማ ዕለት የማውቀው ሰው ሁሉ የአጥንት ሐኪም ሆነ። «ጉልበትህን ትጨርሰዋለህ» ይሉኛል፤ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ አንድ ሥራ፣ ለጤናቸው ያህል ከሚሮጡት መካከል የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት የተገኘባቸው ከመቶ 3.5 ያህሉ ናቸው ይላል። ከማይሮጡት ግን ከመቶ 10 ያህሉ። በውድድር ደረጃ የሚሮጡት ላይ ከመቶ 13 ደርሷል። በውድድር ደረጃ ትሮጣለህ ብሎ የሚከሰኝ ሰው ካለ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የሚያናድደኝ ምክሩ አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ስወፍር ስለ ልቤ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። ስለ ስኳሬ የጠየቀኝ የለም። የጫማ ክሬን ለማሰር ትንፋሼን መያዝ ስጀምር ማንም «ኧረ ተው» አላለኝም። «ተመችቶሃል» ነበር የሚሉኝ። ጉልበቴ የሕዝብ ንብረት የሆነው ስነሣ ነው።

ወደ «ትንሽ»ዋ እንመለስ። ትንሽ መሆኗ እውነት በሚሆንበት ጊዜ እንኳ ምን እንደምታደርግ የሚያውቀው ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒየትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ ማራቶን ስታዲየም አንደኛ ሆኖ ገባ። የቀረው 350 ሜትር አካባቢ ነው። ድካሙ አቅሉን ስላሳተው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ዞረ። መለሱት። ወደቀ። አነሡት። ደግሞ ወደቀ። ያቺ ትንሽ ወደ 10 ደቂቃ ፈጀችበት። አንደኛ ሆኖ መስመሩን አለፈ፤ ግን ሰዎች ደግፈውት ነበርና ውጤቱ ተሰረዘ። በዚያ ስታዲየም ውስጥ ስንት ሺህ ሰው «አይዞህ፣ ደረስክ» ብሎት ይሆን?

የእኔ ጀግና ግን ጃፓናዊው ሺዞ ካናኩሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማራቶን ሙቀቱ ጣለው። በመንገዱ ላይ አንድ ቤተሰብ ግቢ ገባ፣ ጭማቂ ጠጣ፣ በቃኝ አለ። ለአዘጋጆቹ ሳይናገር ወደ አገሩ ተመለሰ። ስዊድኖቹ ጠፋ ብለው መዘገቡት። እ.ኤ.አ. በ1967 ጋበዙትና በ75 ዓመቱ ሩጫውን ጨረሰ። ሰዓቱ 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20.3 ሰከንድ። በመሀል አግብቶ፣ 6 ልጆችና 10 የልጅ ልጆች አይቷል። ነጥብ ሦስቷን ሰከንድ ሳይጥል የያዘውን ሰዓት ያዥ ደግሞ ከሯጩ እኩል አከብረዋለሁ።

እሑድ ላይ ነበርኩ አይደል? ያንን ወጣት መንገድ ዳር ገትሬው ነው እዚህ የደረስኩት። ከእሱ በኋላ መቁጠር ጀመርኩ፤ «ትንሽ ናት» አሥራ አንድ ጊዜ ተባልኩ። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከኋላዬ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። የመጨረሻውን ሯጭ እግር በእግር የሚከተለው አምቡላንስ ነው። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከእኔ በስተኋላ እሱ ብቻ ነበር።

ሾፌሩ አጠገቤ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ስንት… ቀረኝ?» አልኩት።

ዳሽቦርዱን ተመለከተና «ሁለት ነጥብ አንድ» አለኝ።

በቃ። አይዞህ የለ፣ በርታ የለ፣ ፈገግታ እንኳ የለ። አቅፌ ልስመው ቃጣኝ።

«ትገባለህ?» አለኝ።

«አልገባም።»

«እሺ» ብሎ መስኮቱን ዘጋና ከኋላዬ ሆነ።

ስደርስ መጨረሻው መስመር ላይ የቆመው በአየር የሚነፋ በር እየተነፈሰ ነበር። ቀና ብዬ ሰዓቱን ፈለግሁ፤ የለም። ገመድ የምትጠቀልል አንዲት አስተባባሪ ጠየቅኋት።

«ውይ፣ ነቅለነዋል» አለች። «ሰው ያለቀ መስሎን እኮ ነው።»

ምን ዓይነት ሰዓት ያዦች ናቸው?