የሁለት ሌሊት እንግዳም ሻንጣ አለው

«እንግዳ ሁለት ሌሊት አድሮ ስለሚሄድ፣ ለኪራይ የምትሠራ ትንሽ ቤት የዕቃ ቦታ አያስፈልጋትም፤ ቦታውን ለተጨማሪ አልጋ አውሉት» ይባላል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ነዋሪ ልብሱን አንዴ ሰቅሎ ሻንጣውን ዞር ያደርጋል። እንግዳ ግን እስኪሄድ ድረስ ከሻንጣው እያወጣ ነው የሚለብሰው። ትልቅ ሻንጣ ቁመቱ 75፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲከፈት ወርዱ እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሰዎች ወለል ላይ ከከፈቱ 1.5 ካሬ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚነሳ ሰው በጨለማ የሚደናቀፈውም እዚያው ላይ ነው። ተጨማሪ አልጋ ደግሞ ተጨማሪ ሻንጣ ያመጣል!

ባለ በር ቁም ሣጥን አያስፈልግም ከተባለ እስማማለሁ፤ እንግዳ ዕቃ ረስቶበት ይሄዳል። እኔ የምመርጠው ግድግዳ ላይ የተገጠመ፣ ጉልበት የሚደርስ መደብ ነው፤ ሻንጣው እንደተከፈተ ይቀመጥበታል፤ ማታ ተዘግቶ ከአልጋው ሥር ይገባል። አልጋው ለዚህ ከፍ ማለት አለበት። ማንጠልጠያም አትቆጥቡ። እርጥብ ፎጣ አየር በሚያገኝበት ቦታ፣ በተለይ በመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ አጠገብ፣ ካልተሰቀለ በጠባብ ቤት ሻጋታ ቶሎ ይይዛል።