በከንቱ የተተወ በርበሬ

ባለፈው ወር እዚህ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ አንዲት ክኒን ዋጥኩና ከረጢት ነፋሁ። ምርመራው ይኸው ነው። ነርሷ ጥቂት ደቂቃ አስጠብቃ «ንፋ» ስትለኝ፣ በልጅነቴ መንዝ ውስጥ የፋሲካውን በግ ፊኛ እንደምነፋው አድርጌ ነፋሁላት። ክኒኗ ውስጥ ያለው ዩሪያ ነው ብላኝ ነበር። ለገበሬ ልጅ ዩሪያ ማለት በኩንታል የሚታደል፣ ዕዳው እስከ መኸር የሚያስጨንቅ ማዳበሪያ ነው፤ ዋጠው ስባል ሳቄ መጣ። ለካ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ ካለ ዩሪያውን ይሰባብረዋል፤ ምልክት የተደረገበት ካርቦንም ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። በሳምንቱ ተደውሎ «አለብህ» ተባልኩ።

ጨጓራ አለብህ ቢሉት የሚደነግጥ የአገሬ ሰው አላውቅም። እኔንም ያንገበገበኝ የራሴ ሕመም አይደለም። አባቴ ነው።

አባቴ በ1964 ዓ.ም. የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆዱን ጫን ጫን አድርጎ ካየው በኋላ አራት ነገር ተው ተባለ፤ በርበሬ፣ ቡና፣ አረቄና ንዴት። ሦስቱን በዚያው ቀን ተወ። አራተኛውን ግን እኛ ሰባት ልጆቹ አላስተው አልነው። ከዚያ ጀምሮ በ1985 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የእርሱ ድስት ለብቻው ነበር። ጠዋት ተልባ፣ ማታ የአጃ ሾርባ፣ በመካከሉ ነጩ የሚታኘክ ክኒን። ሁዳዴን ግን አንድ ቀን አልገደፈም። ፋሲካ ሲፈሰክ እኛ ቀይ ወጡን ስንከብብ እርሱ አልጫውን ይዞ ዘወር ይላል። አንዳንዴ እንጀራውን ወደ እኛ ሳህን አስጠግቶ፣ ሳያስነካ፣ ሽታውን ብቻ ይስብ ነበር። እናቴ ይህንን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

አሁን ደግሞ ይህንን ስሙልኝ። የዚህ ባክቴሪያ ምስጢር የተገኘው እዚሁ፣ እኔ በምኖርበት ከተማ ነው፤ ያውም በፋሲካ። ሮቢን ዋረን የሚባል የፓቶሎጂ ሐኪም ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ያይ ነበር። የሚሰማው አልነበረም። አሲድ ውስጥ ምን ይኖራል ተብሎ! በኋላ ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም ተጠጋውና ባክቴሪያውን ሳህን ላይ ለማብቀል ሞከሩ። የ34 ታካሚ ናሙና ምንም አላበቀለም፤ ምክንያቱም ቤተ ሙከራው ሳህኑን በሁለት ቀን ውስጥ ይጥለው ነበር። የ35ኛው ናሙና ከ1982 እ.ኤ.አ. የፋሲካ ዕረፍት ጋር ገጠመ፤ ሠራተኛው ለበዓል ሄደ፣ ሳህኑም የሚጥለው አጥቶ አምስት ቀን ያህል ተቀመጠ። ሲመለሱ በቅሎ አገኙት። ባክቴሪያው ቀስ ብሎ የሚያድግ ኖሯል።

ቀኑን ቆጠርኩት። የእነርሱ ፋሲካ ሚያዝያ 3 ቀን 1974 ዓ.ም. ነበር፤ የእኛ በሳምንቱ ሚያዝያ 10። እዚህ ሳህኑ ላይ የበቀለውን እያዩ በሚደነቁበት ሳምንት፣ አባቴ መሐል ሜዳ አጠገብ አልጫውን ይዞ ዘወር ብሏል ማለት ነው።

ነጮቹስ ቶሎ አመኑ? ምን ሲደረግ! ማርሻል በ1983 እ.ኤ.አ. ግኝቱን ለአውስትራሊያ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ቢልክ፣ ከ67 ጽሑፎች 56ቱ ሲያልፉ የእርሱ ወድቆ ተመለሰ። የእነርሱም ሐኪሞች ለታካሚ የሚሉት ያው የድሬሰራችንን ቃል ነበር፤ አትናደድ፣ አትጨነቅ፣ ምግብህን ምረጥ። ድሬሰሩን ስረግመው የኖርኩት ያለ ጥፋቱ ነው፤ ከታላላቆቹ ፕሮፌሰሮች እኩል ነበር የተሳሳተው። አሲድ የሚቀንሱት ክኒኖች ደግሞ ገበያውን ይዘውታል። ሲሜቲዲን በ1976 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ተከትሎት የመጣው ራኒቲዲን በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓለም ላይ ከመድኃኒት ሁሉ በላይ ተሸጠ። ሲውጡት ያስታግሳል፣ ሲተውት ቁስሉ ይመለሳል። ለሻጭ ከዚህ የተሻለ በሽታ ከየት ይመጣል?

ማርሻል ቢጨንቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ከታካሚ ያራባውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጣው። ለሚስቱ እንኳ አስቀድሞ አልነገራትም። በቀናት ውስጥ ማስመለስ ጀመረ፣ አፉ ሸተተ፤ ጨጓራው በመሣሪያ ሲታይ ተቆጥቶ ተገኘ። እንዲህም ሆኖ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ባክቴሪያው ያለበት የጨጓራ ቁስል በፀረ ተሕዋስያን ይታከም ያሉት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ። የኖቤል ሽልማቱ ለሁለቱ የመጣው በ2005 እ.ኤ.አ.። የአባቴ ሕመም በእርግጥ ከዚህ ባክቴሪያ የመጣ ይሁን አይሁን ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ቱቦ አስገብቶ ያየለት የለም። በርበሬው ግን ቁስሉን አላመጣበትም። በከንቱ ነው የተወው።

ወደ እኔ ልመለስ። ሐኪሙ ስምንት ደቂቃ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ሁለት ዓይነት ፀረ ተሕዋስያንና አንድ የአሲድ መቀነሻ አዘዘልኝ። ሆዴን አልነካም። ድሬሰሩ ቢያንስ በዚያ በቀዘቀዘ እጁ «እዚህ ላይ ነው? ወይስ እዚህ?» እያለ ዳስሶ ነው የተሳሳተው። ይኼኛው ሳይዳስስ አገኘው፤ እኔ ግን ከክፍሉ ስወጣ የታከምኩ ሳይሆን ግብር ከፍዬ ደረሰኝ የተቀበልኩ መሰለኝ። በቀን ስምንት ክኒን፣ በ14 ቀን 112። አፌ ውስጥ የዛገ ሚስማር የያዝኩ ያህል እየመረረኝ ጨረስኩት። «እግዜር ይማርህ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቴ መታመሜንም አያውቅም። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ አንዱ አብሽ፣ አንዱ ጻድቃኔ ማርያም ሂድ፣ ሌላው ሸንኮራ ዮሐንስ ይሻላል እያለ በር በሩን ያጨናንቀው ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ሰለቸኝ ማለቴ አይቀርም።

ታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ይኖራል። እርሱም አምና ተመርምሮ ያንኑ ባክቴሪያ ተገኘበት፤ ዛሬ እዚያም ምርመራው በየክሊኒኩ ነው። የታዘዘለትም እኔ የዋጥኳቸው እነዚያው ሦስቱ ናቸው፣ ስማቸው ሳይቀር። በአምስተኛው ቀን ተወው። ለምን? ተሻለው፤ ደግሞም የሚካኤል ማኅበር ደረሰና ጠላ ሊጠጣ ነበር። በግማሽ የተመታ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዶ እንደሚነሣ በስልክ ስንት ጊዜ ነገርኩት!

ትናንት ደውሎ «የነጮቹን መድኃኒት ላክልኝ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ያው ነው። አንተ የወሰድከው ነው።»

«እንዴት ያው ይሆናል? አንተ ድነሃል፣ እኔ አልዳንኩም።»

«አልጨረስከውማ! የተረፈውን የት አደረስከው?»

«ለጎረቤታችን ለእትዬ ሰጠኋቸው። እሳቸውንማ አሽሯቸዋል፤ ወንድምህን አመስግንልኝ፣ ሲመጣ ለእኔም ይያዝልኝ ብለዋል።»