ለክቡር የ«ኮር አይ ሰቨን» ስቲከር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ዕለት ስለተላጡበት ሁኔታ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አድራሻዎን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከቅዳሜ ጀምሮ የሚኖሩት የኔ የኪስ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ከመታወቂያዬ ጀርባ። 300 ብር ከፍዬብዎታለሁ። ደረሰኝ አልተሰጠኝም እንጂ ንብረቴ ነዎት።

እንዴት እንደተዋወቅን ላስታውስዎ።

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ሰርግ፣ ልደት፣ ምርቃት። አሮጌው ኮምፒውተሬ አንድ የሰርግ ፊልም ኤክስፖርት አድርጎ እስኪጨርስ ሙሽሮቹ ወልደው ክርስትና ያስነሳሉ። ስለዚህ በያዝኳት ገንዘብ ፈጠን ያለ ዴስክቶፕ ልገጣጥም ዕቃ ፍለጋ ወጣሁ። የሚያስፈልገኝን ስልኬ ላይ ጽፌያለሁ። ለፕሮሰሰሩ፣ ማለት ለኮምፒውተሩ አንጎል፣ የኢንቴል 12ኛ ጄነሬሽን (ትውልድ) አይ ስሪ ወይም የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም፣ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ)፣ የማይፈነዳ ፓወር ሰፕላይ። ሻጩ ዝርዝሩን ገረፍ አድርጎ አየና ስልኬን መለሰልኝ።

«ወንድሜ፣ ምን አደከመህ? ያለቀለት ማሽን አለ። አይ ሰቨን!»

ያኔ ነው ያየሁዎት። ኬዙ ተቧጭሯል። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ አቧራ ጠግበዋል። ማብሪያው አንዴ ሲጫኑት ገብቶ አልወጣም ይላል። እርስዎ ግን ከግንባሩ ላይ ሰማያዊዎን ለብሰው ያበራሉ። የግራ ጥግዎ ብቻ ቀና ብላለች።

«ጄነሬሽኑ ስንት ነው?» አልኩት።

«አይ ሰቨን ነው አልኩህ እኮ።»

«እሱ ገባኝ። ስንተኛ ጄነሬሽን?»

«ብሮ፣ ከሰባት በላይ ምን ፈለግክ?»

አጠገቤ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ቆመዋል። ልጅቷ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት፤ ሬቪት የሚባለውን የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም የሚያሠራ ማሽን ትፈልጋለች። እናትየው ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። «ዕቁብ ወጥቶልኝ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ሻጩም «ማዘር፣ ለሷማ አይ ሰቨን ነው የሚሆናት» እያለ እርስዎኑ ያሳያቸዋል። አላስቻለኝም። ጠጋ አልኩና «እናቴ፣ ቁጥሩን አይመኑት። የቅርቡ አይ ስሪ የድሮውን አይ ሰቨን በእጥፍ ይበልጠዋል» አልኳቸው።

አቤት የተሳቀው ሳቅ! ሻጩ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሰማችሁ? ሦስት ከሰባት ይበልጣል!» ቻርጀር ሊገዛ የመጣው ሳቀ። ፕሪንተር የሚጠግነው ልጅ ብሎን ጥሎ ሳቀ። ጥበቃው ምን እንደተባለ እንኳ ሳይሰማ በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ።

እርስዎ እውነቱን ያውቁታል፤ ግን ዝም አሉ። አይ ሰቨን 2600 በፈረንጆች 2011 ወጣ። አይ ስሪ 12100 በ2022 ወጣ። ሁለቱም አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ናቸው፤ አራት ሠራተኛ፣ በአንዴ ስምንት ሥራ እንደማለት። የተጻፈባቸውን የፍጥነት ቁጥር፣ ጊጋኸርዙን፣ ብቻ ካየን እንዲያውም ሽማግሌው ያሸንፋል፤ 3.4 ለ3.3። አዲሱ ግን በእያንዳንዱ ኸርዝ የሚሠራው ሥራ ይበዛል፣ ሲፈለግ እስከ 4.3 ይሮጣል፣ ራሙም የድሮው ዲዲአር 3 አይደለም። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ሙሉ ስሙ ሲጻፍ (i7-2600) ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል። 2600 ካለ ሁለተኛ ጄነሬሽን ነው፣ 8700 ካለ ስምንተኛ፣ 12100 ካለ አሥራ ሁለተኛ። ያቺን ቁጥር ነው እንግዲህ እርስዎ ላይ ማንም የማይጽፋት።

ዕድሜዎን ላስላልዎት። የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። አይ ሰቨን 2600 ከዚያ በፊት፣ በጥር ወር፣ ገበያ ላይ ነበር። ግድቡ ተቆፈረ፣ ተገነባ፣ ውኃ ሞላ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ። እርስዎ ግን ዛሬም «አዲስ የገባ» ነዎት። ኢንቴል ራሱ እንኳ በፈረንጆች 2023 ለአዲሶቹ «ኮር አልትራ» የሚል ስም አውጥቶ «አይ»ዋን ጥሏታል። እኛ ዘንድ ገና ሥልጣን ላይ ነዎት።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ሳቁ ሳያልቅ አውራ ጣቴ እርስዎ ላይ አርፋ ኖሮ ያቺ ቀና ያለች ጥግ ተከተለቻት። ሳብ አላደረግሁም፤ ራስዎ ነዎት የመጡት። ከሥርዎ ሌላ ስቲከር ብቅ አለ። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ዙሪያውን ሙጫና አቧራ ተጋግሮበታል። «ኮር አይ ስሪ» ይላል።

ሱቁ ጸጥ አለ። በቃ ረታሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሻጩ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቧል።

«ይኸውልህ! አይ ስሪ ይበልጣል ስትል አልነበር? የሚበልጠውን አገኘህ!»

ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ባሰ። እናትየው ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ማሽኑ በርቶ ስለነበር የማሽኑን ማንነት የሚናገረውን ፕሮፐርቲስ ከፍቼ አየሁ። አይ ስሪ 2100፣ ባለ ሁለት ኮር፣ ያው የ2011 ምርት። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ «እዩት!» አልኩ። የሚያይ አልነበረም። ሰው አንዴ ከሳቀብህ በኋላ ማስረጃህን አይቶ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ሒሳብ መጣ። «ስቲከሩን አበላሽተኸዋል። 300 ብር።» ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጥበቃው በሩ መሃል ሲቆም ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። የውሸት ስቲከር ስለላጥኩ የእውነት ብር ልከፍል ነው። በሞባይል ባንኪንግ ላክሁ። «ምክንያት» የሚለው ሳጥን ላይ ምን ልጻፍ? «ስቲከር» ብዬ ጻፍኩ። ከፈልኩ አይደል? እጄን ዘርግቼ እርስዎን ተቀበልኩ። በጨዋ ደንብ ኪሴ ከተትኩዎት።

ልወጣ ስል እናትየው «ታዲያ ልጄ፣ ፈጣኑ የትኛው ነው?» አሉ። እኔን አልነበረም፤ ሻጩን ነው። ጎን ያለውን ኬዝ ወደ ፊት ጎተተው። እሱም ግንባር ላይ እርስዎ ነበሩ። ወይ ወንድምዎ። ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ እናቷን አየቻቸው፣ አቀረቀረች። ቋጠሮው ተፈታ።

ይቅርታ፣ አንቱታው እዚህ ላይ አለቀብኝ። አንተ! አንተ ቁራጭ ወረቀት! ያቺ ልጅ ማሽኑ በደነዘዘ ቁጥር ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ታስባለች። ፕሮጀክት የምታስረክብበት ቀን ሬቪት ራሱን ሲዘጋ አንተን አይደለም የምትረግመው፤ ራሷን ነው። የቀሩትን የዕቁብ ዙሮች እናቷ ገና ይከፍላሉ። ዊንዶውስ 11 ከ8ኛ ጄነሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በደንቡ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ይህን ሻጩ ያውቃል። አሳምሮ ያውቃል! የሚነግደው ሌሎቻችን ባለማወቃችን ነው። ነገ ተሸክመውት ቢመለሱ ደግሞ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አለ። እሱ አይላጥም። ይህ ንግድ አይደለም። ሌብነት ነው። እኛ ደግሞ «ገበያ ነው» ብለን ለምደነዋል።

እሺ። ወደ አንቱታው ልመለስ።

ዘመዶችዎም ደግ አልዋሉልንም፣ ክቡርነትዎ። «8 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ይሉናል። ኬዙን ብንከፍት የግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር የለም። ለካ ዊንዶውስ የራሙን ግማሽ «ሼርድ» ብሎ የጻፈውን አይተው ነው። 16 ጊጋ ራም ሸጡልን፣ ከዚያው ላይ 8ቱን ደግመው በግራፊክስ ስም ሸጡልን። ካርድ ሲኖርም እሱ ሌላ ጉድ ነው። በፈረንጆች 2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ ብሎ የሚመጣው ባዮሱ (ውስጡ ያለው መነሻ ሶፍትዌር) ተቀይሮ የተጻፈበት የ2011 ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ስሙ ቁልጭ ብሎ «1050» ይላል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሲከፈት ነው ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ የሚያጋልጠው። ታዲያ የትኛው ሱቅ ነው ፍላሽ ሰክተህ ጂፒዩ-ዚ ክፈት የሚልህ? «ቫይረስ ታስገባብኛለህ» ይሉሃል። ቫይረሱን ለኛ ለመሸጥ ግን ማንም አይፈራም።

500 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ ከቅለቱ የተነሳ በአንድ ጣት ይነሳል።

መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርድ ካልገዙለት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አንዱ ሻጭ ግን ኤፍ ማለት «ፋስት» ነው ብሎኛል።

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለውን ጥያቄስ ማን አስተማራቸው? 15 ፐርሰንቷን ጨምሬ በደረሰኝ ልግዛ ብል ደግሞ የደረሰኝ ማሽኑ ተበላሽቷል።

ዶላር ሲጨምር ዋጋ ይጨምራል። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን የተደረገ ሰሞን፣ ከሁለት ዓመት በፊት የገባ አቧራማ ኬዝ በአንድ ሌሊት ተወደደ። ዶላር ቀዝቀዝ ሲል ግን ዕቃው «በድሮው ምንዛሪ የገባ» ይሆናል።

ገንዘቤን ምን እንዳደረግሁት ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ለየዕቃው በታተንኩት። ኬዙ አስቀያሚ ነው፤ ኬዝ ፊልም ኤክስፖርት አያደርግም። ፕሮሰሰሩ 5600ጂ ነው፤ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ካርዱን ወደፊት እገዛለሁ። ራሙን ባንድ 16 ፈንታ ሁለት 8 አደረግሁት፣ በሁለት ቻናል እንዲሠራ። ውስጡ ያለው ግራፊክስ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ያለ ጸጸት ያወጣሁት ለኤስኤስዲው ነው። ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 150 ሜጋ አካባቢ ሲያነብ የቀድሞው ዓይነት ሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550 ይጠጋል፣ ጥሩ ኤንቪኤምኢ ደግሞ 3000ን ያልፋል። ፓወር ሰፕላዩን ስገዛ በሁለት እጄ ነው ያነሳሁት። ያለ አንድም ስቲከር ይሠራል።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ ከስምዎ ቀጥሎ ያለውን ሙሉ ቁጥር ይዘው ይውጡ። ሁለተኛ፣ በአይ ስሪ ላይ አይተኙ። ሦስተኛውን ለሻጩ ይንገሩልኝ፤ 300 ብሬን ይመልስ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ500 ዋቱ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራት ሲመጣ የሚደርሰው።
ለ«ዋጋ በውስጥ መስመር»፣ ቢሮው ስለማይታወቅ በውስጥ መስመር ተልኮለታል። «ሲን» አድርጎ ዝም ብሏል።